መሣሪያው ይቅር፣ ሰው ይውጣ
ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ በዲቴክተር ስለ መፈለግ የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

  ወደዚህ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የተጋበዝኩበት ርእስ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። በባሕር ዳርቻ፣ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ የጠፋ ቀለበትና ሳንቲም በዲቴክተር ስለ መፈለግ ነው። ነገር ግን በበጋው ወራት ኦሽን ሲቲ፣ ሪሆቦት ቢች ወይም ቨርጂኒያ ቢች የሄደ ሰው ይህን መሣሪያ ይዘው እስከ ወገባቸው ውኃ የገቡ ሰዎችን ሳያይ አይመለስም። ከእነርሱም መካከል አማርኛ የሚናገሩ እየበዙ ነው። ደስ ይለኛል፤ ጥሩ መዝናኛ ነው፣ ሰውነትን ያፍታታል፣ ትዕግሥትም ያስተምራል።

የዛሬው ዓላማዬ ወርቅ የት እንደሚገኝ መንገር አይደለም። ዓላማዬ አንድ ነገር ማስረዳት ነው፦ በቅጽበት ልትለቁት የማትችሉትን ዕቃ ይዛችሁ ውኃ አትግቡ። ይህን በሦስት ክፍል አቀርባለሁ። መጀመሪያ ስለምንቆምበት ውኃ እናገራለሁ። ቀጥሎ ስለምንይዘው ዕቃ፣ እዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ። በመጨረሻ ከአሸዋው ስለሚወጣው ነገር አነሣለሁ።

ከውኃው እንጀምር። ፈላጊዎች ከጉልበት እስከ ደረት ባለው ጥልቀት ለምን እንደሚያተኩሩ ታውቃላችሁ? ቀለበት የሚወድቀው እዚያ ነው። ሰው ከጸሐይ ወጥቶ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ጣቱ ይቀጥናል፤ የተቀባው የጸሐይ መከላከያ ቅባት ደግሞ ቆዳውን ያንሸራትተዋል። ከዚያ ሞገድ ሲመጣ እጁን ዘርግቶ ይመታዋል ወይም ሚዛኑን ለመጠበቅ ያወናጭፈዋል፤ ቀለበቱም ይሄዳል። ስለዚህ ጌጥ የሚገኝበት ቦታና ሞገድ ሰውን የሚያንገዳግድበት ቦታ አንድ ነው። ፈላጊው ያንን ቦታ መርጦ፣ ሁለት እጁ በዕቃ ተይዞ፣ ዓይኑን ወደ ታች አድርጎ፣ ጆሮውን ሸፍኖ ይቆማል። አደጋው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጥልቀት የሌለው ውኃ አያሰጥምም የሚል እምነት በመካከላችን አለ። እዚሁ ደጃችን ያለው ታሪክ ሌላ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1785 ዓ.ም. ፌዝፉል ስቱዋርድ የምትባል መርከብ አየርላንዳውያን ስደተኞችን ጭና ወደ ፊላደልፊያ ስትጓዝ ዴላዌር ዳርቻ፣ ከኢንዲያን ሪቨር መግቢያ አጠገብ፣ ከአሸዋ ደለል ላይ ወጣች። ዳርቻው በዓይን ይታይ ነበር፤ ሆኖም ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ አለቁ። በርሜል ሙሉ የመዳብ ሳንቲሞቿ ዛሬም ከማዕበል በኋላ ወደ ዳር ይወጣሉ፤ ያ አካባቢ የሳንቲም ዳርቻ ተብሎ የሚጠራውም በዚህ ነው። ሳንቲሙን ፍለጋ ለሚሄድ ሰው ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀው መሬት እያየ መሆኑን ማወቅ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ ከ1,000 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ወገባችሁ ላይ የሚሰበር ሞገድ ይህን ክብደት ይዞ ነው የሚመጣው። የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአካባቢው ሆስፒታል ጋር ሆነው በዳርቻው የሚደርሱ ጉዳቶችን ለዓመታት አጥንተዋል። ካዩዋቸው ተጎጂዎች ብዙዎቹ ርቀው የዋኙ አልነበሩም፤ እግራቸው መሬት ነክቶ የቆሙ ነበሩ። ሞገዱ አንሥቶ አሸዋው ላይ ያፈርጣቸዋል፤ ትከሻ ይወልቃል፣ አንገት ይጎዳል።

ሁለተኛው አደጋ ከዳር ወደ ጥልቁ የሚጎትተው ጅረት ነው። ሞገድ ወደ ዳር የገፋው ውኃ የሚመለስበት ቀጭን መስመር ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል፤ ሲበረታ ግን በሰከንድ 2.4 ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከኦሊምፒክ ዋናተኛ ይፈጥናል። ከጅረቱ ጋር አትታገሉ፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን እየሄዳችሁ ከመስመሩ ውጡ፤ ከዚያ ወደ ዳር ተመለሱ። ይህን ለማድረግ ሁለት ባዶ እጅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛውን አደጋ የምንሠራው እኛው ነን። አሸዋ ስንዝቅ ከእግራችን ሥር ጉድጓድ እንቆፍራለን። ወገብ ድረስ የነበረው ውኃ ከጥቂት ዛቅታ በኋላ ደረት ጋ ይደርሳል። ጉድጓዱን ሳንደፍን ከሄድን ደግሞ ከኋላችን የሚመጣ ሕፃን ይገባበታል። የባሕሩን ሙላትና ጉድለትም ማወቅ ግድ ነው፤ በዚህ ዳርቻ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ልዩነቱ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ውኃው ጎድሎ ሊጨርስ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ይገባሉ፤ መሙላት ሲጀምር ይወጣሉ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ውኃው ቀስ ብሎ ሲወጣበት አያስተውልም፤ ስለዚህ ሰዓት ያዙ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ፤ ስለምንይዘው ዕቃ። ዲቴክተሩ ራሱ፣ የአሸዋ መዛቂያው፣ የጆሮ ማዳመጫው፣ ማሰሪያ ገመዱ፣ አንዳንድ ጊዜም ተንሳፋፊ ወንፊት አለ። ልብሱም እንደ ዕቃ ይቆጠራል። እያንዳንዱን ስትመለከቱ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ሞገድ ቢጥለኝ ይህ ነገር ይለቀኛል ወይስ ይዞኝ ይሄዳል?

ማሰሪያ ገመዱን አስቀድማለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ጥሩ ዲቴክተር ዋጋው ብዙ ስለሆነ ሰው እንዳይጠፋበት ሲል በገመድ ከእጁ አንጓ ወይም ከቀበቶው ጋር አጥብቆ ያስራል። ሐሳቡ ይገባኛል፤ በላብ የተገዛ ዕቃ ነው። ነገር ግን ሞገድ ዲቴክተሩን ሲወስደው ገመዱ ክንዳችሁን ያጣምማል፤ ወይም እግራችሁ ላይ ተጠምጥሞ ቀጥ ብላችሁ እንዳትቆሙ ያደርጋል። ገመድ ካሰራችሁ አጭርና እንደ ስፕሪንግ የሚለጠጥ ይሁን፤ መያዣውም በአንድ እጅ፣ ጓንት እንደለበሳችሁ፣ ሳታዩት በአንድ ጉተታ የሚፈታ ዘለበት ይሁን። ቋጠሮ ፈጽሞ አታድርጉ፤ የረጠበ ቋጠሮ በሁለት እጅም አይፈታም። በክንድ ማቀፊያው ላይ ያለውን ቬልክሮም እስኪያጣብቅ አታጥብቁት። የመዛቂያውንና የወንፊቱን ገመድ ደግሞ በአንድ ዘለበት ላይ አትደራርቡ፤ ሁለት ገመድ ሲወሳሰብ አንዱም አይፈታም። ወንፊቱን በረጅም ገመድ ከወገባቸው የሚጎትቱ ሰዎች አሉ። በረጋ ሐይቅ ይሆናል፤ ሞገድ በሚሰበርበት ዳርቻ ግን ወንፊቱን ዳር ላይ ተዉት።

የጆሮ ማዳመጫው ሁለት ችግር አለበት። አንዱ ገመዱ ነው። በአንዳንድ ለጠላቂዎች በተሠሩ ዲቴክተሮች፣ ለምሳሌ በማይንላብ ኤክስካሊበር ላይ፣ ማዳመጫው ከማሽኑ ጋር የማይነቀል ሆኖ ነው የተገጠመው። ማሽኑ ሲሄድ ጭንቅላታችሁን ይጎትታል ማለት ነው። ገመዱን አንገታችሁ ላይ አታዙሩት፤ በጀርባ በኩል አውርዱት፤ ማዳመጫውም ሲጎተት በቀላሉ ከራሳችሁ የሚወልቅ ይሁን፤ ከላዩ ላይ የአገጭ ማሰሪያ ያለው ባርኔጣ አትደፉበት። ሁለተኛው ችግር መስማት ነው። ማዳመጫው ጥቃቅን ድምፅ ለመያዝ የተሠራ ስለሆነ የላይፍጋርድን ፊሽካ፣ የጀልባን ሞተር፣ የነጎድጓድን ድምፅ ይሸፍናል። አንዱን ጆሮ ክፍት አድርጉ። አንድ ደካማ ምልክት ያመልጠኛል የሚል ካለ፣ ያምልጠው።

መዛቂያው ከሁሉ ከባዱ ነው። ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ረጅም እጀታ ያለው፣ አፉ ስለታም ወይም ጥርሳም ነው። በእግር ተረግጦ አሸዋ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ባዶ እግር ወይም ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ወፍራም ሶል ያለው የጠላቂዎች ቦቲ ግዙ። ቦታውን በዲቴክተሩ አጥብባችሁ ካገኛችሁ በኋላ መዛቂያውን ከእግራችሁ ጣት ፊት አሳልፋችሁ ትከሉ፣ ከዚያ ተረከዙን እርገጡ። የምትቆሙት ጎናችሁን ለሞገዱ ሰጥታችሁ፣ እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ነው፤ ጀርባ ለባሕር አይሰጥም። መዛቂያውም መቼም ቢሆን በእናንተና በሚመጣው ሞገድ መካከል አይቁም። ሞገዱ እጀታውን ሆዳችሁ ወይም ጥርሳችሁ ላይ ይወረውረዋል። ሁልጊዜ ወደ ዳር በሚወስደው ጎናችሁ ያዙት፤ ስትንገዳገዱ እንደ ምርኩዝ ያገለግላችኋል፤ ስትወድቁ ግን ልቀቁት። ብረት ስለሆነ እዚያው ይሰምጣል፤ ውኃው ሲጎድል በራሱ በዲቴክተሩ ይገኛል።

ስለ ልብስም ልናገር። እስከ ደረት የሚደርሰውን፣ ከቦቲ ጋር የተያያዘውን የዓሣ አጥማጅ ሱሪ ብዙ ሰው በፀደይ ይለብሰዋል። ውኃ ከገባበት እንደ ድንጋይ ያሰምጣል ይባላል፤ እውነቱ ከዚህ ትንሽ ይለያል። ውኃ በውኃ ውስጥ ክብደት የለውም፤ ስለዚህ ወደ ታች አይጎትታችሁም። የሚያደርገው ሌላ ነው፦ እግራችሁን ማንቀሳቀስ ያቅታችኋል፣ ዳር ስትደርሱም ያንን ሁሉ ውኃ ተሸክማችሁ መነሣት ያቅታችኋል፤ ቀጣዩ ሞገድ መልሶ ይወስዳችኋል። ሱሪውን ከለበሳችሁ ከደረታችሁ በታች ቀበቶ አጥብቁበት፤ ውኃው በፍጥነት እንዳይገባ ያግዳል። ሞገድ ባለበት ባሕር ግን የእኔ ምክር እንዳትለብሱት ነው። ከሰውነት ጋር የሚጣበቀው የጠላቂዎች ልብስ ይሞቃል፣ ያንሳፍፋልም። ቅዝቃዜውን አትናቁ፤ ውኃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ከሰውነት ይወስዳል። ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። የደነዘዘ ጣት ዘለበት አይፈታም።

እዚህ ላይ ከማኅበረሰባችን ጋር የተያያዘ ነገር ላንሣ። ብዙዎቻችን ደገኞች ነን፤ ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው፤ ዋና የተማርነው ጥቂቶች ነን። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ግን መታወቅ አለበት። ዋና የማይችል ሰው ከጉልበት በላይ ውኃ ውስጥ ገብቶ አይፈልግ። የካውንቲው መዋኛ ቤቶች ለአዋቂዎች ዋና ያስተምራሉ። ዲቴክተር ለመግዛት ያሰባችሁ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ገንዘቡን መጀመሪያ ለዋና ትምህርት ክፈሉ፤ ዲቴክተሩ ቆይቶ ይገዛል።

ስለ ማሽኑ ጥበቃ ባጭሩ ልበል። ውኃ አያስገባም የተባለ ሁሉ እኩል አይደለም። ጋሬት ኤቲ ፕሮ እስከ 3 ሜትር ይገባል፤ አብሮት የሚመጣው ማዳመጫ ግን ለውኃ አልተሠራም። በሌሎቹም ገመድ አልባ ማዳመጫ ከጠለቀ ማሽን ጋር አይነጋገርም፤ የሬዲዮ ሞገድ በጨው ውኃ አያልፍምና። የባትሪውን ክፍል የሚዘጋው ኦሪንግ የሚባል ቀጭን የላስቲክ ቀለበት ነው። አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ካረፈችበት ውኃ ያስገባል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ፣ በደረቅ እጅ ጠርጋችሁ፣ የሲሊከን ቅባት በስሱ ቀቡት። ቫዝሊን አትቀቡት፤ አንዳንዱን ላስቲክ ያበላሻል። መኪና ውስጥ ሲግል የዋለ ማሽንንም ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አትንከሩት፤ በውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና በላስቲኩ በኩል ውኃ ይስባል። ከባሕር ስትመለሱ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት፣ ፈጽሞ ሳይደርቅ ክፍሉን አትክፈቱ፣ ቻርጅም አትሰኩ። ጨው ውኃ የገባበት የሊቲየም ባትሪ ሊቃጠል ይችላል፤ ከቤት ውጭ አስቀምጡት፣ ልሙላው ብላችሁ አትሞክሩ። መብረቅን በተመለከተ ደግሞ ክርክር የለም። የብረት እጀታና የካርቦን ዘንግ ይዛችሁ ውኃ ውስጥ ናችሁ፤ ነጎድጓድ እንደሰማችሁ ውጡ፣ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ።

ወደ ሦስተኛው ክፍል ደረስን፤ ከአሸዋው ስለሚወጣው ነገር። ዲቴክተር በክቡ ጥቅል ሽቦ አማካይነት ማግኔታዊ መስክ ይልካል፤ በመስኩ ውስጥ ያለ ብረት የራሱን ደካማ መስክ ይመልሳል፤ ማሽኑ ያንን ወደ ድምፅ ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ1881 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ የስልኩ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ይህን የመሰለ መሣሪያ ሠርቶ ጥይቱን በሰውነታቸው ውስጥ ፈልጎ ነበር፤ አላገኘውም። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ተኝተውበት የነበረው አልጋ የብረት ስፕሪንግ ነው። ዛሬም መሣሪያው የሚለው ብረት አለ ነው፤ ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ የሚሰጠው ግምት ብቻ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው ይህን መሣሪያ ያወቀው በፈንጂ ማምከን ሥራ ነው። ያንን አትርሱ፤ ቀለበት ሲያገኝም ፈንጂ ሲያገኝም ይጮኻል።

ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ፣ ሰርፍ ሲቲ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ የተሸረሸረውን ዳርቻ ለመሙላት ከባሕር ወለል አሸዋ ተስቦ ፈሰሰ። አብሮት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የቀረ፣ ባሕር ውስጥ የተጣለ ተተኳሽ ወጣ፤ ከሺህ በላይ ቁራጭ ተለቀመ፤ በዚያ ዳርቻም በዲቴክተር መፈለግ ተከለከለ። በእኛ ዳርቻዎችም አሸዋ በየጊዜው ከባሕር እየተሳበ ይፈስሳል። ስለዚህ የመዛቂያው አፍ አሸዋውን ይቁረጥ እንጂ ብረት ላይ አይደብድብ። ሲሊንደር የመሰለ፣ የዛገና የከበደ ነገር ካወጣችሁ አትነቅንቁት፣ ዳር ድረስ አትሸከሙት፣ ለፎቶግራፍም አታገላብጡት። ቀስ ብላችሁ ተዉት፣ ቦታውን አስታውሱ፣ ሰዎችን አርቁ፣ 911 ደውሉ። ጀርመን ውስጥ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ንገሩልኝ፦ በባልቲክ ባሕር ዳር፣ በተለይ በኡዜዶም ደሴት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምቦች የቀረ ነጭ ፎስፎረስ አምበር የሚባለውን የጌጥ ድንጋይ መስሎ ይገኛል፤ ኪስ ውስጥ ሲደርቅ በራሱ ይነድዳል። ከዚያ ዳርቻ የተለቀመ ማንኛውም ድንጋይ በብረት ቆርቆሮ እንጂ በኪስ አይያዝም።

ከቦምብ ይልቅ ዘወትር የሚያጋጥማችሁ መንጠቆ፣ የተሰበረ ጠርሙስና የቆርቆሮ ስለት ነው። እጃችሁን መዛቂያው ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት አሸዋውን በውኃ አጥባችሁ ተመልከቱ፤ የማይቆረጥ ጓንት ልበሱ። የቴታነስ ክትባት በየ10 ዓመቱ መታደሱን አረጋግጡ። ይህን በተለይ የምናገረው ለስኳር ሕመምተኞችና ጉበታቸው ለታመመ ወገኖች ነው፦ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሞቃት ውኃ ውስጥ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በቁስል ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ሥጋን ያበላሻል። ቁስል ካላችሁ አትግቡ፤ ውኃ ውስጥ ከተቆረጣችሁ ወዲያው ውጡ፣ በሳሙና ታጠቡ። ቦታው ቀልቶ ካበጠና ሕመሙ ከበረታ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የባሕር ውኃ እንደነካውም ንገሩት።

ስለ ሕግ አንድ ሁለት ቃል ብቻ። በብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ሥር ባሉ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በአሳቲግ ደሴት የፌዴራል ክልል፣ በዲቴክተር መፈለግ በሕግ የተከለከለ ነው። ሌሎቹ ዳርቻዎች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ በ1978 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የወጣው የቅርሶች ሕግ ይመለከታቸዋል፤ ከ1700 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነገር ሁሉ ቅርስ ነው። በ2015 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ቂሣርያ አጠገብ ጠላቂዎች የፋጢማውያንን ዘመን የወርቅ ሳንቲሞች ሲያገኙ ለባለሥልጣኑ አሳወቁ፤ ተመልሶ ሲፈተሽ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሳንቲም ወጣ። የሚመሰገን ሥራ ነው። ስም የተቀረጸበት የጋብቻ ቀለበት ያገኘ ሰውም ባለቤቱን ይፈልግ።

እንግዲህ ከመለያየታችን በፊት የምለምናችሁ ነገር አለ። የፊታችን ቅዳሜ ወደ ባሕር የምትሄዱ፣ ከመፈለጋችሁ በፊት ጉልበት በሚደርስ የረጋ ውኃ ውስጥ ቁሙና ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ለመልቀቅ ሞክሩ፦ ዘለበቱን ሳቡ፣ ማዳመጫውን ጣሉ፣ መዛቂያውን ልቀቁ፣ በባዶ እጅ ወደ ዳር ውጡ። ያልለቀቃችሁ ነገር ካለ ያን ዕለት አትግቡ። ብቻችሁንም አትሂዱ፤ ስልክ የያዘ፣ ዓይኑን ከእናንተ የማያነሣ አንድ ሰው ዳር ላይ ይቁም።